የአያት ስም የተሸከመ ቦታ ፍለጋ፦ ኦፕን ስትሪት ማፕ፣ ጂኦኔምስና ጉግል ማፕ በጎጃም ምድር ሲመዘኑ

የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ በሚወርድበት አገር፣ ያንን ስም የያዘ መንገድና መንደር ለማግኘት አንድ ቃል ካርታ ላይ መጻፍ ይበቃል። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ይቀየራል። ስለዚህ ጎጃሜ ፍለጋ ሲገባ ሰባት ቤት ቆጥሮ መግባት አለበት፤ ያውም በአባትም በእናትም ወገን። ርስት በሁለቱም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ ቤተሰቡ «የአባታችን አገር» የሚለው ቦታ የእናት ቅድመ አያት ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል። በአባት መስመር ብቻ ፈልጎ «ምንም የለም» የሚል ሰው ግማሹን ሳይፈልግ ነው የተመለሰው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ለዚህ ሥራ ከሦስቱ የሚሻለው ማንም ሰው ሊጨምርበት የሚችለው ነፃ ካርታ ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። የሚሻለው ግን ኦቨርፓስ ቱርቦ በሚባለው መጠየቂያ በኩል ሲፈለግ እንጂ በራሱ ገጽ ላይ ባለው የፍለጋ ሳጥን አይደለም። የቦታ ስሞች መዝገብ የሆነው ጂኦኔምስ ሁለተኛ ይመጣል፤ የወንዝና የተራራ ስም ለሚፈልግ አንዳንዴ አንደኛ ይሆናል። ጉግል ማፕ ከተማ ውስጥ ይጠቅማል፣ ገጠር ሲወጣ ይደክማል። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ሦስቱም ጎጥ ላይ ሲደርሱ እጅ ይሰጣሉ፤ የአያት ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጠው እዚያው ጎጥ ላይ ነው።

ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት ወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራ አለ። እያንዳንዱ አያት ስንት ስም እንደነበረው ይጻፍ፦ የዓለም ስሙ፣ የክርስትና ስሙ፣ የፈረስ ስሙ፣ ማዕረጉ። በላይ ዘለቀን የሚፈልግ «አባ ኮስትር»ንም ካልፈለገ ጎዶሎ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እስከ 1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ነበሩ፤ ከንግሥናው በፊት የወጣ የቦታ ስም ካለ «አዳል» እንጂ «ተክለ ሃይማኖት» ሊል አይችልም። የቦታዎቹም ስም እንዲሁ ይቀየራል። ደብረ ማርቆስ መንቆረር፣ ፍኖተ ሰላምም ወጀት ይባሉ ነበር። አያት የነገሩን «ከመንቆረር በታች» የሚል ምልክት ዛሬ ካርታ ላይ የሚፈልግ ሰው የድሮውንና የአዲሱን ስም ጎን ለጎን ይጻፍ።

ቀጥሎ የፊደል ጣጣ ነው፤ ብዙ ፍለጋ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ካርታው ላይ ስሙን የጻፈው ሰው ሞክሼ ፊደላትን እንደለመደው ነው የጻፋቸው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። «ዓለማየሁ» የሚለውን ብንወስድ፣ መነሻው አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፣ መድረሻው ሁ፣ ሑ ወይም ኁ ሊሆን ይችላል። አንዱ ስም ብቻውን 12 ዓይነት አጻጻፍ አለው ማለት ነው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ ጎ እና ጐ፣ ቆ እና ቈ፣ ኮ እና ኰም እንደዚሁ። ሁለት ቃል የሆነ ስም ደግሞ ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። ጉግል ማፕ ይህንን በግምት ለማቃናት ይሞክራል፣ አንዳንዴ ይሳካለታል። ኦቨርፓስ ግምት አያውቅም፤ ያልተነገረውን አያመጣም፤ የተነገረውን ግን አንድም ሳያስቀር ያመጣል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚፈለገው ይህኛው ጠባይ ነው።

አሠራሩ ይኸው። ኦቨርፓስ ቱርቦ ሲከፈት ግራው መጻፊያ፣ ቀኙ ካርታ ነው። ካርታውን ጎጃም እስኪሞላበት ማስተካከል፤ ከሰሜን ኬክሮስ 9.7 እስከ 12፣ ከምሥራቅ ኬንትሮስ 36 እስከ 38.7 ያለው ሳጥን ዓባይ የሚከበውን አገር ከነጣና ደቡብ ይይዛል። ማዶ ካለው ከወለጋ፣ ከሸዋና ከወሎም ይቆርሳል፤ ትርፉ አይጎዳም። መተከልንም የፈለገ ምዕራቡን እስከ 35 ይግፋው። «በአማራ ክልል ውስጥ» ብሎ በክልል መገደብ ቀላል ይመስላል፣ ግን መተከል ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ስለሆነ የድሮውን ጎጃም ምዕራብ እንዳለ ያስቀራል።

ከላይ «ዊዛርድ» የሚለውን ተጭኖ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ መጠየቂያው ይጻፋል። መጀመሪያ ቲልዴ (~)፣ ቀጥሎ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ «ኔም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትንንሹ ፊደል፣ እንደገና ቲልዴ፣ በመጨረሻ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የሚፈለገው ስም። ቲልዴው ሁለት ጊዜ የሚገባበት ምክንያት አለው። አንዱ የስም መለያ ብቻ ቢጠየቅ ዋናው ስም ላይ ያለው ብቻ ይመጣል። እንዲህ ሲጻፍ ግን የአማርኛ ስም፣ የድሮ ስም፣ ሌላ ስም እየተባለ በተለያየ መለያ የገባው ሁሉ ይፈተሻል። ትምህርተ ጥቅሱ ቀጥ ያለው ("") ይሁን፤ የስልክ ኪቦርድ በራሱ ጊዜ ወደ ጎባጣው ይቀይረዋል፣ ያኔ መሣሪያው ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል።

ሞክሼዎቹ የሚገቡት በቅንፍና በቁም ሰረዝ ነው፦

(አ|ኣ|ዐ|ዓ)ለማየ(ሁ|ሑ|ኁ)

ተክለ ?(ሀ|ሃ|ሐ|ሓ|ኀ|ኃ)ይማኖት

ሁለተኛው ላይ ከክፍት ቦታው ቀጥሎ የገባው የጥያቄ ምልክት «ክፍት ቦታው ቢኖርም ባይኖርም» ማለት ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ብቻ የተጻፈባቸው መንደሮች ስላሉ ፍለጋው በእንግሊዝኛ አጻጻፍም ይደገም። አጻጻፉ ጥብቅ ስለሆነ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፤ ያንን ለማስቀረት የመጀመሪያውን ፊደል ትቶ ከሁለተኛው መጀመር ቀላሉ ዘዴ ነው።

«ራን» ሲባል ክብ ምልክቶች ካርታው ላይ ይበተናሉ፤ እያንዳንዱን ሲጫኑት መንደር ይሁን ወንዝ፣ ትምህርት ቤት ይሁን ቤተ ክርስቲያን ይናገራል። ጊዜ አልቋል የሚል መልስ ከመጣ ዊዛርዱ ራሱ በጻፈው መጠየቂያ አናት ላይ ያለውን 25 ሰከንድ ወደ 120 ማሳደግ ወይም ሳጥኑን ለሁለት ከፍሎ ምሥራቅ ጎጃምን ለብቻ፣ ምዕራብ ጎጃምንና አዊን ለብቻ መጠየቅ ነው። ውጤቱ «ኤክስፖርት» በሚለው በኩል ኬኤምኤል በሚባል የካርታ ፋይል ዓይነት ወጥቶ ጉግል ኧርዝ ላይ ይከፈታል። ወንዙንና ገደሉን ከከፍታው ጋር ስለሚያሳይ፣ ለሽማግሌ ካርታ ከማሳየት ጉግል ኧርዝን ማሳየት ይቀላል።

አሁን ውጤቱ መጣ እንበል። ደስ ከማለት በፊት ማበጠር ያስፈልጋል። «ተክለ ሃይማኖት» ብሎ የጠየቀ ሰው ከሚያገኘው ውስጥ አብዛኛው ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ታቦታቸው በየአጥቢያው አለ። አዲስ አበባ ያለው ተክለ ሃይማኖት አደባባይም የጻድቁን ቤተ ክርስቲያን ስም የያዘ እንጂ ለጎጃሙ ንጉሥ የተሰየመ አይደለም። ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ሚካኤል የሚባል አያት ያለው ሰውም ሁለተኛውን ቃል ለብቻው አይፈልግ፤ በታቦት ስም ይጥለቀለቃል።

ከዚህ የባሰው የጎሳ ስም ነው። «ሊበን» በምሥራቅ ጎጃም ባሶ ሊበን ላይ አለ። በምሥራቅ ሸዋ ሊበን ጭቋላ አለ፣ ነገሌ ቦረና አካባቢ ሊበን ወረዳ አለ፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ ሊበን ዞን አለ። መራዊን ዋና ከተማው ያደረገው የሰሜን ሜጫ ወረዳም ስሙን ከዓባይ ማዶ ካለው ሜጫ ጋር ይጋራል። ጎጃም ውስጥ የኦሮሞ ጎሳ ስም የያዙ ወረዳዎች መኖራቸው የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንቅስቃሴ አሻራ ነው፤ ይህ ራሱ የሚጠና ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቤተሰብ ግን «ሊበን የሚባል አያት አለን፣ ስለዚህ ነገሌም ያለው የእኛ ነው» ብሎ ከካርታ ላይ ዘመድ ከሠራ መሣሪያውን አላግባብ ተጠቅሟል። ጥፋቱ የካርታው አይደለም።

ማበጠሪያው የወንድማማቾች ስም ነው። በርስቱ ሥርዓት መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ዋና አባት ይባላል፤ መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል በእያንዳንዳቸው ስም የሚጠራ ድርሻ ይወጣል፣ እነሱም ምንዝር አባቶች ናቸው። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች ስም ጎን ለጎን መገኘት አለበት። የአንድ አያትን ስም ብቻ ይዞ ከመፈለግ የወንድሞቹንና የእህቶቹን ስም በቁም ሰረዝ እየለዩ ባንድ ጊዜ መጠየቅ ይሻላል። ሁለት ወይም ሦስት ስም በአንድ አጥቢያ ዙሪያ፣ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ከወጣ ነገሩ ተጨባጭ ነው። አንድ ስም ብቻውን 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ከወጣ ተራ ሞክሼ ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። የዚህን ዘዴ ጥንካሬ በትልቁ ለማየት አዊ ላይ መሞከር ነው፦ የሰባት ቤት አገው ትውፊት የሚጠራቸው ወንድማማቾች ስም፣ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ አዘና፣ ጫራ፣ ቋቁራ፣ መተከል፣ በአንድ ጥያቄ ሲገባ እንጅባራንና ቻግኒን ተከትሎ ምዕራቡን ይይዛል። ካርታውና ትውፊቱ እንዲህ የሚገናኙበት ቦታ በብዛት አይገኝም።

ጂኦኔምስን በድረ ገጹ ላይ መፈለግም ይቻላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን የመላው ኢትዮጵያ የቦታ ስም በአንድ ፋይል ወርዶ ያለ ኢንተርኔት መፈተሽ መቻሉ ነው። ፋይሉ 19 ዓምዶች ያሉት የጽሑፍ ሠንጠረዥ ነው፤ ሁለተኛው ዓምድ ስሙን፣ አራተኛው ሌሎች ስሞችን፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ኬክሮስና ኬንትሮስን፣ ሰባተኛው የቦታውን ዓይነት ይይዛል። ዓይነቱ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚገለጸው፦ «ፒ» መንደርና ከተማ፣ «ኤች» ውሃ፣ «ቲ» ተራራና ኮረብታ፣ «ኤስ» ቤተ ክርስቲያንን ጨምሮ የታነጸ ነገር። ፋይሉን በድርብ ጠቅታ በኤክሴል መክፈት ልዩ ፊደላቱን ያበላሻል። በሊብሬ ኦፊስ ሲከፈት የፊደል ዓይነቱ ዩቲኤፍ 8፣ የዓምዶቹ መለያ ታብ ተብሎ ይመረጥ።

እዚህ ላይ ያለው ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የመጣው ከአሜሪካ መንግሥት የጂኦግራፊ ስሞች መዝገብ ስለሆነ አጻጻፉ በላቲን ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ከጎናቸው ጭረት ይደረግባቸዋል፤ ማርቆስ ሲጻፍ እንኳ ከ«ኬ» ቀጥሎ ጭረት አለ። በመተኪያ ትእዛዝ ጭረቶቹን ሁሉ ሳያጠፉ መፈለግ ልፋት ነው፤ ጭረቱ ደግሞ ከአንድ ዓይነት በላይ ስለሆነ ሁሉም ይጥፋ። ሁለተኛው ቅሬታ ይከብዳል። ብዙዎቹ ነጥቦች ወደ ቅርቡ ደቂቃ የተጠጋጉ ናቸው። ይህ የሚታወቀው ቁጥሩ በ .01667፣ .03333፣ .05፣ .06667 ዓይነት ሲያልቅ ነው። አንድ ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ነጥቡ በእያንዳንዱ አቅጣጫ እስከ 900 ሜትር ሊስት ይችላል። ስናን ወይም ቢቡኝ ደጋ ላይ 900 ሜትር ማለት ሸለቆ ተሻግሮ ሌላ አጥቢያ መግባት ነው። ስለዚህ ጂኦኔምስ «እንዲህ የሚባል ቦታ እዚህ አካባቢ አለ» ሲል ይታመን፤ «እዚህ ጋ ነው» ሲል አይታመን።

ጉግል ማፕ ላይ ብዙ አንቆይም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ሆቴልና ቤተ ክርስቲያን ከሌሎቹ በተሻለ አለው፤ ሰው በየጊዜው ስለሚጨምርበት የሰፈር ስምም ይገኝበታል። ችግሩ ፈላጊው ካለበት አካባቢ የሚቀርበውንና የሚታወቀውን እያስቀደመ ጥቂት ውጤት ብቻ ማሳየቱ ነው፤ ባሕር ዳር ሆኖ የፈለገና አዲስ አበባ ሆኖ የፈለገ ሰው አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም። ሁሉንም ዘርዝሮ በፋይል ማውጣትም አይቻልም። ለማመሳከሪያ ይበቃል።

ስለ መንገድ ስም የሚጠይቁ አሉ። እውነቱን ለመናገር በጎጃም ከተሞች በዚህ በኩል የሚታፈሰው ትንሽ ነው። ሰው አቅጣጫ የሚናገረው በቀበሌ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመናኸሪያ ነው፤ ካርታውም ላይ አብዛኛው የውስጥ መንገድ ያለ ስም የተሰመረ ነው። በሰው ስም የተሰየመ ሲገኝ ደግሞ የአርበኛ ወይም የመሪ መታሰቢያ ነው፤ አዲስ አበባ ያለውን የበላይ ዘለቀ መንገድ ማየት ይበቃል። መታሰቢያ የተሰየመበት መንገድ ሰውየው ወይም ዘሩ እዚያ ኖረ ማለት አይደለም፤ ለትውልድ ፍለጋ ማስረጃነቱ ደካማ ነው።

ከስክሪን ውጭ ያለው ተወዳዳሪ የድሮው ባለ 1፡50,000 ካርታ ነው። የቀድሞው የካርታ ሥራ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥራ ነው። 2 ሴንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የትንንሽ መንደርና የጅረት ስም ይዟል፤ ከሦስቱ መሣሪያዎች የቀረ ስም እዚህ ላይ መገኘቱ ያጋጥማል። አንድ ወጥመድ ግን አለበት። የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የድሮ መነሻ ልኬት ነው፤ ስልክና ጂፒኤስ የሚጠቀሙት ሌላ ነው። ከወረቀቱ ላይ የተነበበ ቁጥር ሳይቀየር ስልክ ውስጥ ከገባ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይዛነፋል። ጂፒኤሱ ላይ አዲንዳንንና ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ፍርግርግ ቀጣና 37ን መምረጥ ወይም ኩጂአይኤስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መቀየር ያስፈልጋል። «ካርታው ተሳስቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወንዝ ውስጥ አስቀመጠው» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው።

ጎጥ ላይ ሲደረስ ምን ይደረግ? በ1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬት የመንግሥት ሲሆን ርስቱ ቀረ፤ የማሳውና የጎጡ ስም ግን በሰው አፍ ላይ ቀጥሏል። ዛሬም በጽሑፍ የሚገኝበት አንድ ቦታ አለ፦ ገበሬው እጅ ያለው የመሬት ይዞታ ደብተር። ማሳው የሚገኝበት ቦታ ስምና አዋሳኞቹ እዚያ ይሰፍራሉ። አገር ቤት ያለ ዘመድ የማሳዎቹን ስም ብቻ አንብቦ በስልክ ቢናገር ይበቃል፤ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ መላክ የጎረቤትን ስምና ይዞታ ያለ ፈቃዱ ማሰራጨት ይሆናል። በዚህ ላይ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካሉ ሽማግሌዎች ቢያንስ ሁለቱ፣ ከተለያየ ወገን ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል፣ ለየብቻ ይጠየቁ። ስሙን ቀድሞ መናገር አይገባም። «ይህ ጎጥ አበበ ይባላል አይደል?» የተባለ ሽማግሌ እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ ልጄ» ሊል ይችላል። «ከዚህ ወንዝ ማዶ ያለው ማን ይባላል፣ በማንስ ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ስሙ ከተረጋገጠ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሁለቱ የሚበልጥበት ዋናው ምክንያት እዚህ ይመጣል፦ ማንም አካውንት ከፍቶ ሊጨምርበት ይችላል። ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ የተባለውን የካርታ መተግበሪያ ስልክ ላይ ጭኖ የኢትዮጵያን ካርታ ገና ከተማ ሳሉ ማውረድ፤ ጎጡ መሐል ቆሞ ጂፒኤሱ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅና ነጥቡን መያዝ፤ ኔትዎርክ ሲገኝ መላክ። ሰው የሚኖርበት ከሆነ በትንሽ መንደር ዓይነት፣ ሜዳ ወይም ማሳ ብቻ ከሆነ ሰው በሌለበት ባለ ስም ቦታ ዓይነት ይመዝገብ። ዋናው ስም በግዕዝ ፊደል፣ ያው በአማርኛ መለያው ይደገም፣ ድሮ ሌላ ይባል ከነበረ በድሮ ስም መለያ ይግባ። «ይህ የእገሌ ቤተሰብ ርስት ነበር» የሚል ማስታወሻ ግን አይጻፍበት፤ ካርታው የይዞታ መዝገብ አይደለም፣ አካባቢው ላይም ነገር ይጭራል። ከሌላ ካርታ፣ በተለይ ከጉግል ማፕ፣ ስም ገልብጦ መጨመርም ክልክል ነው፤ ፈቃዱ ስለማይገጥም ሌሎች አርታዒዎች ያጠፉታል።

ለማን ይሆናል ከተባለ፣ የወንድማማች ስሞችን ዝርዝር ይዞ አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ለሚችል ሰው ኦቨርፓስ ይሆናል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው መጠየቂያውን ስልክ ላይ ሊጽፍ ቢሞክር በጥቅሱና በቅንፉ ይበሳጫል፤ እሱ ከዝርዝሩ ጋር ወደ ሽማግሌዎቹ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ያዋጣዋል።